የሦስት ጣት ጨው

በኦስተንድ ወደብ፣ ሴቶች ዓሣ ከሚሸጡበት መደብ ላይ ከግራ ሦስተኛዋ ጎደሊቭ ናት። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሃምሳ ሦስቱን የፈጀችው እዚያው ቆማ ነው። ጉልበቷ እንደሚያማት የሚያውቀው ሐኪሟ ብቻ ነው፤ ምላሷን ግን ወደቡ በሙሉ ያውቀዋል።

ምላሷን ስል ወሬኛነቷን አይደለም። ለወሬውማ አጠገቧ የምትሸጠው ማሪየት አለች፤ ማሪየት የምታወራውን በረዶ ላይ የተኙት ዓሦች ሳይቀሩ ይሰሙታል። የጎደሊቭ ምላስ ቀማሽ ነው። አንዲት የተቀቀለች ሽሪምፕ፣ ያቺ ጣት የማታህል ባለቅርፊት የባሕር ፍጥረት፣ አፏ ከገባች የትኛው ጀልባ እንደቀቀላት፣ ጨው የጨመረው አባትየው ይሁን ልጁ፣ ያን ቀን ቀቃዩ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ይሁን ታርቆ ትናገራለች። በዚያ ባሕር ዳር ሽሪምፕ ወደቡ ድረስ ጥሬውን አይመጣም። መረቡ እንደወጣ እዚያው ጀልባው ላይ፣ በራሱ በባሕሩ ውሃ ይቀቀላል፤ የቀቃይ እጅ ደግሞ እንደ ሰው ድምፅ ነው፣ አንዱ ከሌላው አይገጥምም።

ጠዋት መደቧን ስትዘረጋ ማንም እንዲነካባት አትፈልግም። ጠፍጣፋዎቹን ዓሦች ጥቁር ጀርባቸውን ወደ ላይ፣ ጭንቅላታቸውን ሁሉ ወደ ባሕሩ አድርጋ በረዶው ላይ ትደረድራለች። ጨው ገብቶባቸው ነፋስ ያደረቃቸውን በጅራታቸው አስራ ከራሷ በላይ ትሰቅላለች። ሽሪምፑን ግን በረዶ አታስነካውም። በረዶ ሲቀልጥ ጨዉን ያጥበዋል፣ ጨዉ ከታጠበ ደግሞ የቀቃዩ ድካም መና ቀረ ማለት ነው። ርጥብ ጨርቅ አንጥፋ ትከምረዋለች፣ በቆርቆሮ ትሰፍራለች፣ ከሰፈረች በኋላም አንድ ጭብጥ ትመርቃለች። ማሪየት ሽሪምፗን በረዶ ላይ ስትቆልል ባየች ቁጥር የጎደሊቭ ቆሽት ያርራል፤ ማሪየት ይህን ስለምታውቅ ትንሽ ጨምራ ትቆልላለች።

አንድ ልማድ አላት። የባዕድ ጀልባ ወደቡ ላይ በታሰረ ቁጥር ሽርጧን እንደታጠቀች ትነሳና ሄዳ አንዲት ሽሪምፕ ትጠይቃለች። ትቀምሳለች። ራሷን ትነቀንቃለች። አመስግና ትመለሳለች። ይህን ስታደርግ ሃያ ስምንት ዓመት ሆኗታል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ባል ስትፈልጊ ይህን ያህል ቀምሰሽ ቢሆን ኖሮ ንጉሥ ታገቢ ነበር» ትላታለች ማሪየት።

«አንቺ ሳትቀምሺ አግብተሽ የደረሰብሽን አይተናል» ትላለች ጎደሊቭ።

ይሳሳቃሉ። ማሪየት ግን የምን ፍለጋ እንደሆነ ታውቃለች፤ ወሬኛ ብትሆንም ይህን አውርታው አታውቅም።

የጎደሊቭ አባት አሎይስ ቀኝ እጃቸው ላይ ሦስት ጣት ብቻ ነበራቸው። ትንሿንና ከጎኗ ያለችውን የመረብ መሳቢያው ገመድ ወስዶባቸዋል። ስለዚህ የሚጨብጡት ጨው የሦስት ጣት ጨው ነበር። ሽሪምፑ ፈልቶ ሁለተኛ ጊዜ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ፣ ድምፃቸውን አውጥተው እየቆጠሩ አምስት ጭብጥ ይበትናሉ፣ አንዴ ያማስላሉ፣ ወዲያው ያወጡታል። ጨዉ ቅርፊቱ ላይ ይቀራል፤ ውስጡ እንደጣፈጠ ነው። ሁለት ልጆቻቸው ጎደሊቭና በሦስት ዓመት የሚያንሳት ካሚል ሥራውን ሲማሩ፣ መጠኑ እንዳይዛነፍ ሁለት ጣታቸውን አጥፈው ነበር የሚጨብጡት። ሰፈሩ ይስቅባቸው ነበር። «እግዜር አሥር ጣት ቢሰጣቸው ቆራጣ መሆን አማራቸው» ይባሉ ነበር።

አሎይስ ሲያረጁ መቀቀሉ ለካሚል ወረደ፤ መሸጡ ለጎደሊቭ። በዚያ ወደብ ደግሞ ወግ አለ። ጀልባ ሲገባ ሻጭዋ ቀቃዩ ፊት ቆማ አንዲት ትቀምሳለች። «የመጀመሪያዋ የሥራ ናት» ይሉ ነበር አሎይስ፣ «ሁለተኛዋ ናት የሆድ።» አንዲት ቀምሶ ዋጋ መከራከር የማንም ሥራ ነው። የቀማሿ እጅ ሳታስበው ለሁለተኛዋ ከተመለሰ ግን ቀቃዩ ተመሰገነ። ከዚህ የበለጠ ምስጋና አያውቁም፤ ቢያውቁም አፋቸውን አውጥተው የሚሉት ሰዎች አይደሉም። ካሚል ታዲያ ጠዋት ጠዋት ጀልባው ጠርዝ ላይ ቆሞ የእህቱን እጅ ያያል። እጇ ሲመለስ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ማፏጨት ይጀምራል። ሊቭ ብሎ የሚጠራት እሱ ብቻ ነበር፤ እናታቸው እንኳ ሙሉ ስሟን ነበር የምትጠራው።

ይህ ሁሉ የሆነው ከሠላሳ ሰባት ዓመት በፊት ከነበረችው የሐምሌ ቅዳሜ በፊት ነው።

ያን ቅዳሜ እንግዳ ከየከተማው ጎርፎ ወደቡ ሰው በሰው ሆኗል። የአሎይስ ጀልባ ገባ። ጎደሊቭ በገዢዎች ተከባ፣ ያው እንደልማዷ ኩራት ኩራት እያላት፣ አንዲት ልጣ አፏ ውስጥ ጣለች። ሐሞት ነው። ጨዉ ምላሷን ገመጠው። ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ሰው ሁሉ እያያት ነው፣ ስሙ የሚጎድፈው የእሷ መደብ ነው፤ ወንድሟ እግር ሥር ተፋችው።

«ይሄን የቀቀለ እጅ የኛ ቤት እጅ አይደለም!» ብላ ጮኸች። «ለድመት ብሰጠው ድመቷ ትከሰኛለች!»

ሰው ሳቀ። ሰው ሲስቅላት ደግሞ ጎደሊቭ ማቆም አይሆንላትም። ቅርጫቱን አንስታ ሽሪምፑን በሙሉ ወደ ባሕሩ ደፋችው።

«ካሚል ሆይ፣ ጨው እንኳ ለራስህ ስትል ጣፍጥ ተብሏል፤ አንተ ግን ድንጋይ ነህ!»

ካሚል ወደ አባቱ ዞረ። አሎይስ ጎንበስ ብለው ገመድ ይጠቀልላሉ። ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ።

«ተሳስቼ ነው» አለ።

ሰኞ ጠዋት አልጋው ተነጥፎ ተገኘ፤ እሱ የለም። ከአንድ የባዕድ ጀልባ ጋር ሲነጋገር አየነው ያሉ ነበሩ፤ የየት አገር ጀልባ እንደነበር የሚያስታውስ ግን አልተገኘም። ጎደሊቭ የመጀመሪያውን ዓመት ተቆጥታ አሳለፈችው። ለአንዲት ቃል ብሎ ቤቱን የሚጥል ኩራተኛ! ሁለተኛውን ዓመት ግን በየጠዋቱ ጀልባ ሲገባ ዓይኗ ኮፍያ ይፈልግ ጀመር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው እውነት ነው፤ ከአፋፍ የወደቀውን ሰው ወርዶ ሊያነሳው ይችላል፣ ከአፍ የወጣውን ግን ማን ያነሳዋል?

አሎይስ በዚያው ክረምት ከባሕር ቀሩ። ጀልባውን ሸጡ፣ ለምን እንደሸጡት አልተናገሩም። ዘጠኝ ዓመት ቆይተው አልጋ ሲይዙ አንድ ከሰዓት በኋላ ልጃቸውን ጠሯት።

«ልጄ፣ ያን ቅዳሜ ጨው የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ጎደሊቭ ትኩሳቱ የሚያናግራቸው መሰላት።

«ካሚል መረብ ያጥብ ነበር። አምስቱን ጭብጥ ጨመርኩ። ከዚያ መጨመሬን ረሳሁት። እንደገና አምስት ጨመርኩ። ልጁ ያየው ሁለተኛዋን አምስት ስጨርስ ነው።»

«አባባ፣ ታዲያ ለምን ያን ጊዜ አልተናገሩም?»

«እሱ ተሳስቼ ነው ካለ በኋላ ምን ልናገር? ጨው መጨመሩን የሚረሳ ሰው ጀልባ ላይ ምን ይሠራል? ባሕሩን እንዳይቀሙኝ ብሎ ነው። እኔም ፈሪ ነበርኩና ዝም አልኩ።» ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ። «እኔም አንቺም አንድ ቀን እንለዋለን ስል ቀናችን አለቀ።»

አባቷ በሞቱ ጊዜ ጎደሊቭ ያለቀሰችውን ለቅሶ ጎረቤቶቿ ለአባቷ መስሏቸው አጽናኗት። እሷ ስለ ወንድሟ ነበር ያለቀሰችው። ደብዳቤ ጻፈች፤ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ዴንማርክ። አንዱ መርከበኛ ግሪምስቢ አየሁት ይላታል፣ አንዱ ወደ አይስላንድ ሄዷል ይላታል፣ አንዱ ደግሞ አግብቶ ስድስት ልጅ ወልዷል ብሎ ያስደስታታል። ደብዳቤዎቹ እንደታሸጉ ተመለሱ። የቀራት ምላሷ ነበር። ካሚል በሕይወት ካለ የሆነ ቦታ ይቀቅላል፣ ከቀቀለ ደግሞ ሁለት ጣቱን ያጥፋል። ስለዚህ የመጣውን ጀልባ ሁሉ ትቀምሳለች። ከየጀልባው አንዲት፤ ሁለተኛ አንስታ አታውቅም።

ልትለው የፈለገችው ብዙ አይደለም። «አባባ ነግረውኛል። ይቅር በለኝ።» ያቺን ሁለት ዓረፍተ ነገር ይዛ ስትነሳና ስትተኛ፣ ዓሣ ስትሰነጥቅ፣ ባሏን ስትቀብር፣ ጉልበቷን ስትታሽ ሃያ ስምንት ዓመት ኖረች።

በጥቅምት ወር ማዕበል ተነሥቶ የኦስተንድ ጀልባዎች አራት ቀን ሳይወጡ ቀሩ። መደቡ ባዶ ሆነ። በአምስተኛው ቀን ማሪየት ከየትም ከየትም አምጥታ ሁለት ቅርጫት ሽሪምፕ ይዛ ከተፍ አለች፤ ፊቷ ሎተሪ የደረሰው ሰው ፊት ነው።

«ከየት አመጣሽው?» አለች ጎደሊቭ።

«ሌሊቱን የሆላንድ ጀልባ ሞተሩ ተበላሽቶ ተጎትቶ ገብቷል። አንቺ ጉልበትሽን ስታሺ እኔ ቀድሜ ገዛሁ።» ማሪየት ቅርጫቱን በበረዶው ላይ ልትገለብጥ አነሳችው።

«ተይ! አንቺ ሴት እግዜርን አትፈሪም? ሰው በማዕበል መሃል የቀቀለውን ልታጥቢበት ነው?»

«የገዛ ሽሪምፔን ገላውን ባጥበው ምን አገባሽ?»

ጎደሊቭ ለመሳደብ እንዲመቻት አንዲት አነሳች። ጭንቅላቷን ጠመዘዘች፣ ቅርፊቷን ሳበች፣ አፏ ውስጥ ጣለች። ልትናገር የነበረውን ስድብ አልተናገረችም። ማኘኳንም አቆመች። ከዚያ እጇ ሄደ። ራሷ አላዘዘችውም፤ እጇ ብቻውን ተመልሶ ሌላ አነሳ።

ማሪየት ቅርጫቱን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው።

«ጎደሊቭ፣ ሁለተኛ አነሳሽ እኮ» አለች።

ጎደሊቭ መደቧን ሳትሸፍን፣ ቢላዋዋን እንደያዘች፣ ያን የሚያማት ጉልበት ከየት እንዳገኘችው ሳይታወቅ በመርከብ ማሰሪያው በኩል ሮጠች። ሰባ አንድ ዓመት የሆናት ሴት ቢላዋ ይዛ ስትሮጥ ያየ ሁሉ መንገድ ለቀቀላት።

የሆላንዱ ጀልባ ጥግ ላይ ታስሯል። ማዕበሉ ሳይጨርሱ ስላስገባቸው የቀረውን እዚያው ቆመው ይቀቅላሉ። አንድ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ጢሙ ቀላ ያለ ሰውዬ ድስቱ ላይ አጎንብሷል። ሽሪምፑ ወደ ላይ ተንሳፈፈ። ሰውዬው እጁን ወደ ጨው ሣጥኑ ላከ። ትንሿን ጣቱንና ከጎኗ ያለችውን አጠፈ፣ በሦስቱ ጨበጠ፣ «አንድ» ብሎ በተነ።

«አንተ ሰውዬ! እጅህን አሳየኝ!»

ሰውዬው ቀና ሲል ቢላዋውን አየ። «መዳፍ የሚያነቡ ከሆነ እማማ፣ ቢላዋው ለምን ያስፈልጋል?»

«አሳየኝ አልኩ!»

ዘረጋላት። አምስት ጣት። ሌላውንም ዘረጋ።

«አሥሩም አሉ፣ ይመስገነው» አለ።

«ታዲያ ሁለቱን ለምን ታጥፋቸዋለህ?»

ሰውዬው ገና አሁን እንዳየው ሁሉ እጁን ተመለከተ። «እንዲህ ነዋ የሚጨበጠው። ያስተማረኝ ሰው እንዲህ ነው ያስተማረኝ። እኛ ጀልባ ላይ ሁላችንም እንዲህ ነን።»

«ያስተማረህ ሰው ጣቱ ተቆርጧል?»

«ኧረ ምን በወጣው! እንደኔው ሙሉ ነው።»

ጎደሊቭ ባዶ የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ስሙን ለመጠየቅ ፈራች፤ ሳትጠይቀው ልትኖር ትችል ነበር፣ ጠይቃው ሌላ ስም ቢነግራት ግን እንዴት ትነሳለች?

«ማን ይባላል?»

«ካሚል። አነጋገሩ የእርስዎን አገር ሰው ስለሚመስል እኛ ፍላንደሬው ነው የምንለው። የት ነው አገርህ ስንለው እጁን ወደ ደቡብ ወርወር ያደርጋል፣ በቃ። ወደ እኛ ወደብ ወደ ሃርሊንገን ከመጣ ዘመኑ ከኔ ዕድሜ ብዙ አያንስም።»

«አለ?»

«አለ እንጂ እማማ! ሰውን በቁሙ አይግደሉት» አለ ሰውዬው። ዶዌ ይባላል፤ ስሙን የነገራት ውሃ ሲያቀብላት ነው። «ግን ባሕር መውጣት ከተወ ሁለት ዓመቱ ነው። መርሳት ጀመረው። ጨዉን ሁለት ጊዜ ይጨምር ነበር። ገዢዎቹ ተቆጡ፣ ማነው ያበላሸው አሉ። እኔ ነኝ አልኳቸው።»

«ለምን እንዲያ አልክ?»

«አስተማሪዬ አይደል? እሱ ራሱ ነው የቀቃይ ስም ከተበላሸ አይታጠብም እያለ ያሳደገኝ። የኔ ስም ገና ብዙ ዘመን አለው፣ ይታጠባል።»

ጎደሊቭ በሽርጧ ፊቷን ሸፈነች። ዶዌ ምን እንዳጠፋ አላወቀም፤ ማጽናናት የማያውቅ ወንድ እንደሚያደርገው ወሬ ጨመረበት።

«ደግሞ መቼም አያመሰግነንም። ጨው ባሳመርን ቁጥር ምን እንደሚል ያውቃሉ? 'አንዲት ሴት አለች፣ እሷ ሁለተኛዋን ካላነሳች ዋጋ የለውም' ይላል። እኛ የድሮ ፍቅረኛው ትመስለን ነበር።»

«እህቱ ነኝ» አለች ጎደሊቭ ከሽርጧ ውስጥ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ወደ ሃርሊንገን ባቡር ተሳፈረች። ማሪየት ሁለቱንም መደብ ልትጠብቅ ተረከበች። «ሂጂ፣ ሽሪምፕሽን በረዶ ላይ አላደርገውም። በባሌ መቃብር እምልልሻለሁ» ስትል ሁለቱም ሳቁ። ጎደሊቭ ራሷ ያደረቀቻቸውን ስድስት ዓሦች በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛለች። ባቡሩ ውስጥ ፊት ለፊቷ የተቀመጡት ባልና ሚስት ሽታው ሲደርሳቸው ወደ ሌላ ፉርጎ ሄዱ፤ እሷም እግሯን ዘረጋች። አራት ጊዜ ባቡር ቀየረች። በየባቡሩ መስኮት ሁለቱን ዓረፍተ ነገር ተለማመደች። የትኛው ይቅደም? «ይቅር በለኝ» ብትል ለምኑ ይላታል። «አባባ ነግረውኛል» ብትል ደግሞ የአባቱን ጥፋት አስቀድማ ማንሳቷ ነው፤ እሱ ሠላሳ ሰባት ዓመት የሸፈነውን እሷ በር ላይ ልትገልጠው ነው? ከሮተርዳም በኋላ ይቅርታው እንዲቀድም ወሰነች።

ጀልባው ተጠግኖ ቀድሟት የተመለሰው ዶዌ ጣቢያው ላይ ጠበቃት። በእግር ሲሄዱ እየደጋገመ ኮፍያውን ያስተካክላል፤ የሚነግራት ነገር እንዳለው ገባት።

«እማማ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጀልባው አንድ ባልዲ ሕይወት ያለው ሽሪምፕና የባሕር ውሃ እንወስድለታለን። እጁ ሥራ እንዳይፈታ ብለን ነው። ጓሮው ውስጥ ይቀቅለዋል። ከዚያ እኔ ለሽያጭ ልወስደው ብዬ እይዘውና መንገድ ላይ እደፋዋለሁ።»

«ለምን ትደፋዋለህ?»

«አይበላማ። ዛሬ እርስዎ ስለሚመጡ ጎኑ ሆኜ አንዴ ብቻ እንዲጨምር አደርገዋለሁ። ካመለጠኝ ግን እንዳይቀምሱት።»

ጓሮው ጠባብ ነው፤ የሽቦ አጥር፣ የተገለበጠ ጀልባ፣ የጋዝ ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት። አንድ ከኮፍያው ሥር ነጭ ፀጉር የሚታይበት ረዥም ሰው ጀርባውን ሰጥቶ እንፋሎቱን ያያል። ጎደሊቭ አባቷን ያየች መሰላት፤ አንገቱን ሰበር የሚያደርገው ነገር የአሎይስ ነው። ዞር አለ። ለረጅም ጊዜ አያት።

«ሊቭ» አለ።

ይህን ስም ከሰማች ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ከሮተርዳም ጀምራ ያዘጋጀችው ሁሉ ከአፏ ጠፋ።

«ዘገየሽ» አለ ካሚል፣ መስፈሪያ ልታመጣ ሄዳ የተመለሰች ይመስል። «ውሃው ከፈላ ቆይቷል።»

«ካሚል፣ ይቅር በለኝ። አባባ ነግረውኛል።»

«አባባ? መረቡን አጥበው ጨረሱ?»

ጎደሊቭ ዶዌን አየችው። ዶዌ መሬት መሬት አየ። ይቅርታ የምትጠይቅበት ቅዳሜ ለካሚል ወይ ገና አልመጣም፣ ወይ መጥቶ አልፎ ጠፍቷል። እሷ ብቻ ቀርታለች ያን ቀን ይዛ። ወንድሟን አገኘችው፤ የበደለችውን ሰው ግን አጥታዋለች።

«ጨርሰዋል» አለችው። «አባባ ጨርሰዋል። አንተ ሥራህን ሥራ።»

ካሚል ባልዲውን ደፋ። ሽሪምፑ ሰመጠ፣ ተንሳፈፈ፣ ሰመጠ፣ ሁለተኛ ጊዜ ተንሳፈፈ። ሁለት ጣቱን አጠፈ።

«አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት... አምስት።»

አንድ ጭብጥ ከሌላው በአንዲት ፍሬ እንኳ አይበልጥም፣ አያንስም። አንዴ አማሰለ። እጁን በሱሪው ጠረገ። ጎኑ የቆመው ዶዌ ማውጫውን ወንፊት ሊያቀብለው ዞር ባለባት ቅጽበት ካሚል ጨው ሣጥኑን አየ። ግንባሩን ቋጠር አደረገ፣ አንድ የተረሳ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው። ሁለት ጣቱን አጠፈ።

«አንድ...»

ዶዌ እጁን ሊይዘው ተወረወረ። ጎደሊቭ እጅጌውን ጨምድዳ ያዘችው።

«ተወው» አለች በሹክሹክታ።

«እማማ፣ አይበላም...»

«ተወው አልኩህ!»

«...አራት... አምስት።»

ካሚል አወጣው። ርጥብ ጨርቅ ላይ ዘረጋው፤ በረዶ አላስነካውም። ነፋሱ እስኪያበርደው ሦስቱም ጠበቁ። ከዚያ ከመሃሉ አንድ ሳህን ሞልቶ እህቱ ፊት አስቀመጠና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ፊቷን አላየም። እጇን ነው ያየው።

ጎደሊቭ አንዲት አነሳች፣ ጠመዘዘች፣ ላጠች። ያው ሐሞት ነው። ያው ያ የሐምሌ ቅዳሜ፣ ያ ሳቅ፣ ያ ቅርጫት። ያኔ በሰው ፊት የተፋችው ነገር ይኸው ዞሮ አፏ ገባ። አኘከችው። ጊዜ ወስዳ አኘከችው፣ ዋጠችው። ዓይኗ ውሃ ሞላ፤ ጨው ነው ብትል ማንም አይከራከራትም።

እጇን መለሰችና ሁለተኛዋን አነሳች።

ካሚል ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና ማፏጨት ጀመረ። ጎደሊቭ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ በላች።